ለጀማሪ ጠበቆች፦ ከጭብጡ አትውጡ

ልጆቼ፣ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃችሁ የጥብቅና ፈቃድ ለማውጣት የምትሯሯጡ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ችሎት ላይ በሰው ዘር፣ በሃይማኖቱና በድህነቱ አትግቡበት።

ያየሁትን ልንገራችሁ። የቡና ርክክብ ክርክር ነበር። ጭብጡ፣ ማለትም ችሎቱ የሚወስነው ጥያቄ፣ አንድ ነው፦ ስንት ፈረሱላ መጋዘን ገባ? ሚዛኑ አጠገብ የነበሩ አንዲት እናት ለምስክርነት ቀረቡ። ችሎቱ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ የሚመሰክሩት በአስተርጓሚ ነው። የተከሳሽ ጠበቃ ለመስቀለኛ ጥያቄ፣ ማለትም ተቃራኒ ወገን ምስክሩን ለሚጠይቀው ጥያቄ፣ ተነሳና «ሟች ባልዎ በሌብነት የታወቁ አልነበሩም? ከእንዲህ ያለ ቤት እውነት ይወጣል?» አላቸው። አስተርጓሚው ልጅ አመነታ፣ ከዚያ ተረጎመው። እናትየዋ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ ወዲያ ለተጠየቁት ሁሉ መልሳቸው «አላስታውስም» ሆነ። ሚዛኑን በዓይናቸው ያዩት እኮ እሳቸው ነበሩ!

የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መስቀለኛ ጥያቄን የፈቀደው የምስክሩ ቃል የተሳሳተበትን፣ የሚያጠራጥርበትን ወይም ሐሰት የሆነበትን ለማሳየት ነው። የሟች ባል ስም እዚህ ውስጥ ምን አገባው? ደግሞ የጠበቃ ንግግር ማስረጃ አይደለም። ያላስመሰከራችሁትን ነገር በጥያቄ መልክ አታሹልኩ።

አሜሪካ ውስጥ የፍትሐ ብሔር ክርክርም በጁሪ፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጠው በሚፈርዱ ተራ ዜጎች ፊት ሊካሄድ ይችላል። ጠበቃ እንዲህ ከተናገረ ዳኛው ጁሪውን «የሰማችሁትን ከግምት አታስገቡ» ይላል፤ ከባሰም ክርክሩ ፈርሶ እንደ አዲስ ሊጀመር ይችላል። እኛ ጋ ጁሪ የለም፣ ፈራጁ ዳኛው ነው። ታዲያ «ዳኛ በወሬ አይታለልም፣ ብናገር ምን ችግር አለው?» የሚል ወጣት ገጥሞኛል። አልስማማም። ዳኛም ሰው ነው፣ ከአፍ የወጣ ቃል ጆሮው ውስጥ ይቀራል። ባይቀር እንኳ ምስክሯን ዝም አሰኝቷል። ተከራካሪዎቹም ነገ ጅማ መርካቶ ገበያ ይገናኛሉ።

ሌላው ወገን ቢጀምረው ስድብ በስድብ አትመልሱ። ቶሎ ተነሱ። «ጥያቄው ከጭብጡ ውጭ ስለሆነ እንቃወማለን፣ ተቃውሟችን በመዝገብ ይያዝልን» በሉ። ንግግሩ ቃል በቃል እንዲጻፍ ጠይቁ፤ ያልተመዘገበ ነገር ይዞ ይግባኝ መሄድ አስቸጋሪ ነው። ከዚያ ምስክሩ ውኃ እንዲጠጣ፣ እንዲረጋጋም ዳኛውን ጊዜ ለምኑለት። ያቀረባችሁትን ምስክር ዳግም የምትጠይቁበት ድጋሚ ጥያቄ ሲደርሳችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ሚዛኑ መልሱት፦ «እናቴ፣ የት ቆመው ነበር? ምን አዩ?»