ማስታወቂያው ሲያጥር ክብሩ ይቀንሳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ደብር የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ ነኝ። የደብሩን ማስታወቂያ በቴሌግራምና በኤስኤምኤስ የምጽፈው እኔ ነኝ። ረጅም ስጽፍ የሚያነበው የለም፤ «ጉባኤው መቼ ነው?» ብለው መልሰው ይጠይቁኛል። ሳሳጥረው ደግሞ አባቶች «የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ እንዲህ ይቆራረጣል እንዴ?» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ አባቶችም ልክ ናቸው፣ አንቺም ልክ ነሽ። ደጁ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ከነጸሎቱ፣ ከነጥቅሱ፣ ከነማዕረጉ ሙሉ ይሁን። ዐውደ ምሕረት ላይም እንዲሁ ይነበብ። ስልክ ላይ የሚገባው ግን ሌላ ነው።

በእኛ ፊደል የሚጻፍ አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 70 ፊደል ነው። ክፍተቱም ነጥቡም ይቆጠራል። ካለፈ ተከፍሎ እንደ ሁለት መልእክት ይታሰባል። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን» ብቻውን 34 ፊደል ነው። ገና ምንም ሳትናገሪ ግማሹ አለቀ ማለት ነው።

ይሄን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። በአንድ የፍልሰታ ጾም እኔ በማገለግልበት ደብር ቅዳሴው ለአንድ ቀን ከ6 ሰዓት ወደ 8 ተዛወረ። ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ሰላምታው፣ ጥቅሱ፣ የአባቶች ስም ከነማዕረጉ፣ ምስጋናው ሁሉ ቀድሞ ሰዓቱ ዘጠነኛው መስመር ላይ ወደቀ። አንዲት እናት ልጃቸው የላይኛውን ብቻ አንብቦላቸው ኖሮ ነጠላቸውን አጣፍተው በ6 ሰዓት ደረሱ። እህል ውሃ ሳይቀምሱ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። እስካሁን ሳስታውሰው ያመኛል።

ያን ቀን መጻፍ የነበረብኝ ይሄ ነበር፦ «ነገ ማክሰኞ ቅዳሴ የሚገባው በ6 ሳይሆን በ8 ሰዓት ነው።» በቃ። 36 ፊደል ነው። «እመቤታችን ትርዳን» ብትጨምሪበት እንኳ ቦታ ይተርፋል፣ አባቶችም ደስ ይላቸዋል።

ቴሌግራም ሰፊ ነው፤ በፎቶ ሥር ብቻ እስከ 1,024 ፊደል ያስገባል። ግን ስልኩ ሳይከፈት ብቅ የሚለው የመጀመሪያው መስመር ስለሆነ ቀኑንና ሰዓቱን እዚያ አስቀምጪው፣ ሰላምታውና ጥቅሱ ከሥር ይከተል። ማዕረግ አትቁረጪ፤ አንዴ በትክክል ከጻፍሽው ይበቃል።

«እንደተለመደው» የምትለዋን ቃል ግን እባክሽ ተያት። ትናንት ወደ ሰፈሩ የገባ ሰው የተለመደውን ከየት ያውቃል? «በ2 ሰዓት» ከሆነም ጠዋት ይሁን ማታ ለይተሽ ጻፊ።

ከመላክሽ በፊት ደግሞ ለእናትሽ ደውለሽ አንዴ አንብቢላት። «ስንት ሰዓት አልሽኝ?» ካለችሽ ሰዓቱን ወደ ላይ አውጪው።