ከአሜሪካ የመጣ የዛፍ ሙጫ ለጸሎት ይታጠናል ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። አትላንታ ያለችው እህቴ ደጇ ላይ ካለ ስዊት ገም የሚባል ዛፍ የለቀመችውን ሙጫ ላከችልኝ፣ ሽታው ደስ ይላል። ቤት ስጸልይ ላጭሰው? ለቤተክርስቲያንስ ከጧፉ ጋር ላስገባው? ጎረቤቴ ደግሞ ዓይነ ጥላ ያባርራል አለችኝ።

መልስ፦ እህቴ ስለጠየቅሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሙጫው ራሱ ነውር የለበትም፣ እሱም የፈጣሪ ስራ ነው። ዛፉ ቅጠሉ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ይመስላል፣ ፍሬው እሾሃም ድቡልቡል ነው፣ ልጡ ሲቆስል ሙጫ ያወጣል፣ ዘመዱ ደግሞ ደቡብ ምዕራብ ቱርክ አለ የሱንም ሙጫ ሰው ከድሮ ጀምሮ ሲያጥነው ኖሯል። ዘጸአት 30፥34 ላይ እኮ ሙሴ የታዘዘው ዕጣን ብቻ አይደለም፣ የሚንጠባጠብ ሙጫና ሌላም ሽቱ እኩል ተመዝኖ እንዲቀመም ነው፣ በመጽሐፈ ኩፋሌም አዳም ከገነት በወጣበት ቀን ያጠነው አንድ ዓይነት ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ቤትሽ ዳዊት ስትደግሚ ፍም ላይ ትንሽ ጣል ብታደርጊ ችግር የለውም።

ለመቅደስ ግን ሌላ ነው። ጽናው፣ ማለትም ካህኑ የሚያጥንበት ዕቃ ላይ የሚገባውን የሚያውቁት ካህናቱ ናቸው፣ የአሮን ልጆች ናዳብና አብዩድ ያልታዘዙትን እሳት አቅርበው የሆኑትን ዘሌዋውያን 10 ላይ አንብቢው። ቤተክርስቲያናችን የለመደችው ከቆላ የሚመጣውን የኛኑ ዕጣን ነው፣ ደሴም ኮምቦልቻም ገበያ ላይ ሞልቷል፣ እና ስትገዪ እባክሽ ልጥና አፈር ያልተቀላቀለበትን ነጣ ያለውን ጠብታ ለይተሽ ግዢ። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፣ እንግዳ መጥቶ ቡና ሲፈላ ምርጡ ይጨሳል ለመቅደስ ሲሆን ብናኙ በፌስታል ይመጣል።

ጎረቤትሽ ያለችውን ግን በፍጹም እንዳትቀበያት። እንዲህ እየተባለ ነው ስንቱ ቤት ለውቃቢ ሲያጨስ የሚገኘው። ራእይ 8 ላይ መልአኩ ዕጣኑን ያቀረበው ከቅዱሳን ጸሎት ጋር ነው፣ ጸሎት የሌለበት ጭስ ሰይጣንን ምንም አያደርገውም፣ የሚያባርረው የእግዚአብሔር ስም ነው። ቤት ውስጥ የሚያስጨንቅሽ ነገር ካለ ዝም ብለሽ አትያዢው፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባትሽን አግኚያቸውና ሁሉንም ንገሪያቸው፣ ጸበል ግቢ ካሉሽም ሳትውዪ ሳታድሪ ግቢ፣ ሙጫውንም በዛው አሳዪያቸው።