ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ለቦዲቦርድ የትኛውን ፊን ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ43 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው ሳንዲያጎ ነው። ዋና የለመድኩት ልጅ ሆኜ ባሕር ዳር፣ ጣና ላይ ነው። ልጄ ቦዲቦርድ፣ ማለትም በደረት ተኝተው ሞገድ የሚጋልቡበትን አጭር ሰሌዳ፣ ስትጀምር አብሬያት ገባሁና ወደድኩት። ችግሬ ለመዋኘት እግሬ ላይ የማጠልቀው የጎማ መቅዘፊያ፣ ፊኑ ነው። ጓደኛዬ ያዋሰኝ የጠላቂዎች ረጅም ፊን ነው። ትንሽ እንደቆየሁ ባቴን ክራምፕ (የጡንቻ መኮማተር) ይይዘኛል፤ ቀኝ ተረከዜ ከኋላ ይላጣል፤ ጣቶቼም ይደነዝዛሉ። ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ድሮ ኳስ ስጫወት ወለም ብሎኝ ያውቃል። አንዱ ጠንካራ ግዛ ይለኛል፣ ሌላው ለስላሳ። ወደፊት ያለ ቦርድ፣ በሰውነቴ ብቻ ሞገድ መያዝም እፈልጋለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ በቅድሚያ የጓደኛዎን ፊን አመስግነው ይመልሱለት። የጠላቂ ፊን የተሠራው በዝግታ ረጅም መንገድ ለመሄድ ነው። ሞገድ ለመያዝ የሚያስፈልገው ሌላ ነው፤ ሞገዱ ሊደርስ ሲል ለጥቂት ሰከንድ ፈጣንና ብርቱ ምት። ለዚህ ነው የቦዲቦርድ ፊን አጭር የሆነው። ከጣትዎ ወደፊት የሚወጣው መቅዘፊያ በረዘመ ቁጥር ውሃው እግርዎን የሚጎትትበት ኃይል ይጨምራል። ያን ሸክም የሚቀበሉት ቁርጭምጭሚትዎ፣ ባትዎና ከባት ወርዶ ተረከዝ ላይ የሚያርፈው ወፍራም ጅማት ናቸው። ክራምፑ በአብዛኛው ከዚህ ነው። መላጡና መደንዘዙ ግን ከልክ ጋር የተያያዙ ይመስላሉ።

ጠንካራ ወይስ ለስላሳ? ለእርስዎ ለስላሳውን እመርጣለሁ። ጠንካራ ጎማ ለለመደ እግር ጥሩ ግፊት ይሰጣል። ወለም ብሎት ለሚያውቅ ቁርጭምጭሚትና ገና ላልጠነከረ ባት ግን ቅጣት ነው። ለቦዲቦርድ ብዙ ሰው ቸርችል የተባለውን ይጀምርበታል፤ አጭር ነው፣ የመቅዘፊያው አንዱ ጎን ከሌላው ይረዝማል። ያለ ቦርድ ሲሆን ደግሞ የሚደግፍዎ ነገር ስለሌለ እግርዎ የበለጠ ይሠራል። እዚያ ላይ ብዙዎች ዳፊንን ይመርጣሉ። ከሃዋይ የመጣ ነው፤ እግር የሚገባበት ክፍል ለስላሳ ሆኖ መቅዘፊያው ጠንከር ይላል፤ ባሕር ላይ ሰው የሚያድኑት ላይፍጋርዶችም ይጠቀሙበታል። ሁለቱንም ይለኩና እግርዎ ይፍረድ። ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ እግርዎን የሚያቆስል ፊን ለእርስዎ መጥፎ ፊን ነው።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው። ሱቅ ሲሄዱ ከሰዓት በኋላ ይሂዱ፤ እግር ቀን ሲውል ትንሽ ያብጣል። የሳንዲያጎ ውሃ በክረምት ወደ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚወርድ ከብርድ የሚከላከል የኒዮፕሪን (የስፖንጅ ጎማ) ካልሲ ያስፈልግዎታል። ካልሲውን አጥልቀው ነው ፊኑን የሚለኩት፤ ያለ ካልሲ የገዙት ፊን በካልሲ ያንቃል። ካጠለቁ በኋላ ቁጭ ብለው እግርዎን አንስተው በደንብ ያራግፉት። ተረከዝዎ ላይ ያለው ማሰሪያ ከተንሸራተተ ሰፍቶዎታል። ብዙ ሰው የላላ ፊን ይመቻል ብሎ ያስባል። የላላው ነው ወዲያ ወዲህ እያለ ቆዳ የሚልጠው፤ የመጀመሪያው ጠንካራ ሞገድም ነጥቆት ይሄዳል።

ጠቦ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ እንደኛ እንደ ሐኪሞቹ ያድርጉ። ፊኑን አጥልቀው 10 ደቂቃ ያህል ይቀመጡ። ከዚያ አውልቀው የእግርዎን አውራ ጣት ጥፍር ይጫኑና ይልቀቁት። ነጭ ሆኖ በ2 ሰከንድ ገደማ ወደ ቀይ ካልተመለሰ ደሙ በደንብ እየደረሰ አይደለም። ጣቶችዎ ከደነዘዙም ያ ፊን የእርስዎ አይደለም። “ሲለመድ ይሰፋል” ቢልዎ ሻጩን አይስሙት።

ክራምፕ ሲይዝዎ አይደንግጡ። ቦርዱ ላይ ይደገፉ፣ ጉልበትዎን ይዘርጉ፣ የፊኑን ጫፍ ይዘው ወደ ራስዎ ይሳቡ። ባትዎ ተስቦ ይለቅቅዎታል። ሲመቱ ደግሞ ከጉልበት ሳይሆን ከዳሌ ይምቱ። ለጀማሪ በአንድ ጊዜ 20 ደቂቃ ይበቃል። ቤት ውስጥ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆመው ተረከዝዎን ቀስ እያደረጉ ወደ ታች ማውረድና ማንሳት ባትንም ጅማትንም ያጠነክራል። በሳምንት ሦስት ቀን ይሞክሩት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለሆድ ወይም ለሽንት ኢንፌክሽን ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ መድኃኒት በቅርቡ ወስደዋል? ከአገር ቤት በሻንጣ ይዘነው የምንመጣውና ያለ ሐኪም ትእዛዝ የምንውጠው መድኃኒት ስለሆነ ነው የምጠይቀው። ሲፕሮና ዘመዶቹ የተረከዝን ጅማት ሊያሳምሙ፣ አልፎ አልፎም ሊበጥሱ ይችላሉ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከ2008 ጀምሮ በጥብቅ ያስጠነቅቃል። አደጋው መድኃኒቱን ከጨረሱ በኋላም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ወስደው ከሆነና ጅማቱ ካመመዎ ፊን አያጥልቁ፤ ሐኪምዎን ያናግሩ።

የተላጠውን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይጠቡትና ይሸፍኑት። እስኪድን ባሕር አይግቡ። ስኳር ካለብዎ ደግሞ በየቀኑ እግርዎን ይመልከቱ፤ ነርቭ የደነዘዘበት እግር ቁስሉን አይነግርዎትም።

ፊን አጥልቀው ወደ ፊት አይራመዱ፤ ይደናቀፋሉ። ጥልቀቱ እስከ ወገብዎ ሲደርስ ቢያጠልቁት ይሻላል፣ ካልሆነ ወደ ኋላ እየተራመዱ ይግቡ። ላ ሆያ ሾርስ በተባለው የሳንዲያጎ ባሕር ዳርቻ ላይ አሸዋው ውስጥ የሚተኛ ስቲንግሬይ የተባለ ጠፍጣፋ ዓሣ አለ፤ ጭራው ላይ መርዛማ እሾህ አለው። እግርዎን ሳያነሡ አሸዋውን እየጎተቱ ከሄዱ ሰምቶ ይሸሻል። ከወጋዎ እግርዎን ሊችሉት በሚችሉት ሙቅ ውሃ ውስጥ ይንከሩ፤ ከ45 ዲግሪ አይበልጥ። ሙቀቱን መጀመሪያ ባልተወጋው እግር ይሞክሩ። ሕመሙ እስኪበርድ እስከ 90 ደቂቃ ያቆዩት፣ የቲታነስ ክትባትዎንም ያረጋግጡ። ደረትዎን ወይም ሆድዎን ከወጋዎ፣ እሾሁ ከተሰበረብዎ፣ ወይም መተንፈስ ከቸገርዎ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ያለ ቦርድ ሲሞክሩ ዳርቻው ላይ የሚፈርስ ሞገድ አይያዙ። ጭንቅላትዎን ሳይሆን እጅዎን ያስቀድሙ። አሸዋ መትቶዎ እጅዎ ወይም እግርዎ ከደነዘዘ አንገትዎን አያንቀሳቅሱ፤ ላይፍጋርዱ ይምጣ።

አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ቁጭ ብለውም ካመመዎ ክራምፕ ነው ብለው አይለፉት። በተለይ ከአዲስ አበባ ከረጅም በረራ በኋላ ከሆነ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ። የተረከዙ ሕመም ግን ፊን ከቀየሩ በኋላ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ የእግር ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ፊኑንም ይዘውት ይሂዱ፣ የት ላይ እንደሚፈትግ ለማየት ይረዳል።