የበረዶ ላይ ማጥመጃ ለሐዋሳ ሐይቅ ይሆናል ወይ?

ሰላም ወንድሜ። አጎትህ ከአሜሪካ፣ ከሚኒሶታ አንድ ሳጥን የበረዶ ላይ ማጥመጃ ልኮልህ፣ «ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ወርጄ ሦስት ቀን ሙሉ ወረወርኩ፣ አንድም ዓሣ አልነካውም። ችግሩ ከዕቃው ነው ወይስ ከእኔ?» ብለህ ጠይቀሃል። ፎቶውን አየሁት። ዕቃው ምንም አልሆነም። አንተም ብዙ አላጠፋህም። ብቻ ለመወርወር ያልተሠራ ነገር ነው የወረወርከው።

እኔ እዚያው ሚኒሶታ አምስት ክረምት አሳልፌያለሁ። ክረምት ስል የኛን ዝናብ አይደለም፤ ሐይቁ ድንጋይ የሚሆንበትን ነው። መጀመሪያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሚል ላክስ የሚባል ሐይቅ ሲወስደኝ ዳር ቆሜ አልገባም አልኩ። ሰዎቹ መኪናቸውን ሐይቁ መሃል አቁመው ቡና ይጠጣሉ። ጥርት ያለ በረዶ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሰው ይሸከማል፣ ይሄ ደግሞ ከዚያ በብዙ ይወፍራል ብሎ ገፋፍቶ አስገባኝ። እግሬ ግን እስከ ማታ አላመነም።

ዕቃው ለምን እንደዚያ እንደተሠራ የገባኝ ቀዳዳውን ሳይ ነው። በረዶው በመሰርሰሪያ ይበሳል፤ ስፋቱ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። በዚያ ቀዳዳ ምን ትወረውራለህ? ክሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ዓሣውም ቢሆን የሚያሳድድ ዓሣ አይደለም። ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ያ ውሃ ታች ይተኛል፣ በረዶው ከላይ ይንሳፈፋል። ዓሣ ደግሞ ሰውነቱ እንደ ውሃው ነው የሚቀዘቅዘው። ደንዝዞ ቆሞ፣ ምግቡ አፍንጫው ሥር ካልመጣለት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ማጥመጃው ሲወርድ እንዲጨፍር ነው የተሠራው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሬት እስኪነካ ልቀቀው። ከዚያ አንድ ሁለት ስንዝር ከፍ አድርገህ ክሩን አጥብቅ። ጫፉን ቶሎ ብለህ አንሣው፣ ወዲያው መልሰህ አውርደው። ከዚያ ዝም። እስከ አሥር ቁጠር። ዓሣው አብዛኛውን ጊዜ የሚነክሰው ሲወርድ ወይም ሲቆም ነው፤ ስታነሣው አይደለም። እኔ ይሄ እስኪገባኝ ሁለት ቅዳሜ ባዶ እጄን ገብቻለሁ። እጄ አያርፍም ነበር፣ ሊጥ የማቦካ ነበር የምመስለው። በመጨረሻ ሰልችቶኝ ዘንጉን ባልዲ ላይ አስደግፌ ከፔርሙስ ቡና ልቀዳ ዘወር ስል፣ ዘንጉ ተስቦ ቀዳዳው አፍ ላይ ደረሰ። ቡናውን ደፍቼ ዘንጉን ያዝኩ። የመጀመሪያ ዓሣዬ እሱ ነው።

ሳጥንህ ውስጥ ያየሁት ሦስት ዓይነት ነው። የሻይ ማንኪያ የምትመስለው ስትወርድ ትገላበጣለች፤ የታመመ ትንሽ ዓሣ ትመስላለች። ጅራቷ ላይ ክንፍ ያላት ደግሞ ስታነሣት ወደ ጎን ትወጣና ዞራ ትመለሳለች። ሦስተኛዋ፣ ሽምብራ የምታክለው፣ ተንግስተን ከሚባል ከባድ ብረት የተሠራች ሳትሆን አትቀርም። ተንግስተን ከእርሳስ ብረት ወደ 1.7 እጥፍ ስለሚከብድ አንሶ ቶሎ ይሰምጣል። እሷ ብቻዋን አትሠራም፣ ትል ይሰካባታል።

አሁን ወደ ሐዋሳ። የሳትከው ሁለት ነገር ነው፤ ቦታውና ዓሣው። አሞራ ገደል ዳር ላይ ውሃው ጥልቀት የለውም፣ ሣሩም አለ። ከዳር ወርውረህ ስትጎትት ወይ ሣር ታነሣለህ ወይ ጭቃ ውስጥ ትቀብረዋለህ። ሐይቁ በጣም ጥልቅ በሆነበት 22 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጀልባ ላይ ወጥተህ ክሩን ቀጥ አድርገህ ማውረድ አለብህ።

ዓሣው ላይ ደግሞ ቁርጡን ልንገርህ፤ ቆሮሶ ይሄንን ብረት አሳዶ አይነክስልህም። ዋና ምግቡ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ ነገር ነው። እሱን በትንሽ መንጠቆና በትል ሞክረው፤ ለገበያውማ በመረብ ነው የሚያዘው። ማንኪያዋ የምትሠራው ለቢልጫ ነው፤ ቢልጫ ቀንድ አውጣም ነፍሳትም ትናንሽ ዓሣም ይበላል። ለአምባዛ ከሆነ መንጠቆዋ ላይ የዓሣ አንጀት ጨምርባት፤ አምባዛ ከዓይኑ ይልቅ በማሽተትና በጢሙ ነው የሚፈልገው። አንጀቱን ዓሣ የሚገፍፉት ልጆች በነፃ ይሰጡሃል፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ካልቀደመህ።

አጎትህ አብሮ የላከው ክር ግን አውጣው። ፀጉር የሚያክል ክር ለዚያ ለደነዘዘ ዓሣ ነው። የኛ ውሃ ሞቃት ስለሆነ አምባዛ ሲጎትት ይጎትታል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ክሩንም ማንኪያዋንም ይዞብኝ ሄዷል። አጭሩን ዘንግ ግን አትጣለው፣ ጀልባ ላይ ይመቻል።

ባለ ሦስት ጥርሱን መንጠቆም በባለ አንድ ቀይረው። አንድ ጠዋት የኔ ማጥመጃ የሰው መረብ ያዘ። ሳላውቅ ትልቅ ዓሣ መስሎኝ ጎተትኩ፣ ቀደድኩት። ባለቤቱ ጀልባውን እየቀዘፈ ሲመጣ የምገባበት ጠፋኝ። የመረቡን ከፍዬ፣ የስድቡን ጨምሬ ተቀብዬ ተመለስኩ። እውነቱን ነው፣ መረብ ለሱ እንጀራው ነው። አጥማጆቹ መረብ ማታ ጥለው ጠዋት ነው የሚያነሡት። ተንሳፋፊ ጀሪካን ወይም ፕላስቲክ ካየህ ራቅ በል።

አብረቅራቂ ቀለም የተቀባችውን ስልክህ መብራት ላይ ጥቂት ብትይዛት ጨለማ ውስጥ ታበራለች። እዚያ በረዶ ሥር ጥሩ ናት። እዚህ ግን ለሷ ብለህ አታምሽ፤ ጉማሬ አለ።

ጠዋት ውጣ። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሣ ጀልባው ይዋልላል፣ ክርህም ቀጥ ብሎ አይወርድም። ድንጋይ በገመድ አስረህ እንደ መልሕቅ ጣል። ቢልጫ ከያዝክ ፎቶውን እዚሁ ሥር ለጥፍልን።