ሽልማቱ ሲያልቅ ማን ይቀራል?

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። የክሪፕቶከረንሲ (የዲጂታል ገንዘብ) ፕሮጀክቶች በሽልማት የሚያሠሯቸውን ተግባራት እየፈጸምሽ ቆይተሽ፣ አሁን ተግባራት የምታወጪለት አንዱ ፕሮጀክት በቴሌግራምና ዲስኮርድ በተባለው የቡድን መወያያ መተግበሪያ ያለውን ማኅበረሰቡን በሙሉ ጊዜ እንድትመሪለት ጠይቆሻል። የሚከፍልሽ ግን ለአንድ ዓመት ልትሸጪው በማትችይው፣ ራሱ በሚያወጣው ዲጂታል ሳንቲም፣ በቶከኑ ነው። «ትምህርቴን ላቁም ወይ?» ብለሻል። ታላቅ ወንድምሽም ተጨማሪ ስልኮች ገዝቶ በአሥር አካውንት እንድትሠሪ ይገፋፋሻል።

ማኅበረሰብ መገንባት እውነተኛ ሙያ ነው፤ በዚህ አትጠራጠሪ። እኔም ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት በአንድ የቁጠባ ማኅበር የአባላት አገልግሎት ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሰው ለምን እንደሚመጣና ለምን እንደሚቆይ የሚያውቅ ባለሙያ የትም ይፈለጋል። ያሳሰበኝ «በሦስት ሳምንት አርባ ሺህ አባላት አስገባሁ» ብለሽ በኩራት የጻፍሽው ነው። ያስገባሽው አርባ ሺህ አካውንት ነው። ከእነዚህ መካከል ወንድምሽ ሊከፍታቸው እንዳሰባቸው ያሉት ስንት እንደሆኑ አንቺም አሠሪዎችሽም አታውቁም።

እንደ ዚሊና ጋልክሲ ባሉ፣ ፕሮጀክቶች ተግባር በሽልማት በሚያሠሩባቸው መድረኮች የምታወጫቸውን ተግባራት እስቲ መለስ ብለሽ እያቸው። ገጹን ተከተሉ፣ ጽሑፉን አጋሩ፣ ቻናሉን ተቀላቀሉ፣ ሦስት ጓደኞች ጋብዙ። አንዳቸውም ፕሮጀክቱ ምን እንደሚሠራ ማወቅን አይጠይቁም። የሽልማቱ ተቀባዮች ዝርዝር በተዘጋ ማግስት ዲስኮርዱን ክፈቺና የሚጻፈውን አንብቢ፤ «ቶከኑ መቼ ነው?»፣ «የእኔ ስም ለምን የለም?» ከሚለው ሌላ ብዙም አታገኚም። ሰዎቹን አልወቅሳቸውም፤ የጠራሻቸው ለሽልማቱ ነው፣ የሚጠይቁሽም ስለ ሽልማቱ ነው።

የክሪፕቶ መገበያያው ዩኒስዋፕ በመስከረም 2020 (እ.ኤ.አ.) ቀደም ሲል አገልግሎቱን ለተጠቀመ እያንዳንዱ ዋሌት (የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ) 400 ዩኒ ቶከን ሲሰጥ፣ ተቀባዮቹ አስቀድሞ ቃል የተገባላቸው ነገር አልነበረም። የተጠቀሙበት ስለፈለጉት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ሰው ሽልማቱን እያሰላ መምጣት ጀመረ። በ2024 በቴሌግራም የተስፋፋው፣ ስክሪን በመንካት ነጥብ የሚሰበሰብበት ሃምስተር ኮምባት የተባለ ጨዋታ 300 ሚሊዮን ተጫዋቾች አሉኝ ብሎ ነበር። በመስከረም ወር ቶከኑ ሲከፋፈል ለወራት ስክሪን ሲነኩ የከረሙ ብዙዎች በድርሻቸው ማነስ ተበሳጩ፤ በቀጣዮቹ ወራትም አብዛኛው ተጫዋች ትቶት ሄደ። አርባ ሺህሽን በዚህ ዓይን መዝኚው።

ስለዚህ ሥራውን በከፊል ጊዜ ያዢው፤ ተግባራቱን ግን ቀይሪያቸው። መመሪያውን ወደ ራሱ ቋንቋ የተረጎመን፣ ምርቱ ከመውጣቱ በፊት በሚፈተንበት የሙከራ ኔትወርክ ላይ ስህተት አግኝቶ እንዴት እንደተፈጠረ በዝርዝር የጻፈን፣ የአዲስ መጪን ጥያቄ በትዕግሥት የመለሰን ሰው ሸልሚ። ቁጥሩ ይወርዳል፤ አለቆችሽም ይቆጣሉ። አንቺ ግን ሽልማት ከተከፈለ ከአንድ ወርና ከሦስት ወር በኋላ ስንት ሰው እንደሚጽፍና ስንቱ ምርቱን እንደሚጠቀም መዝግቢ። ይህ መዝገብ ነገ ሌላ ቀጣሪ ዘንድ፣ ከክሪፕቶ ውጭ ያለ የሶፍትዌር ድርጅትም ቢሆን፣ የምታቀርቢው ማስረጃ ነው። «አርባ ሺህ አስገባሁ» የሚለውን ማንም ሊገዛው ይችላል።

ትምህርትሽን አታቋርጪ። ለአንድ ዓመት የተቆለፈ ቶከን ደመወዝ አይደለም፤ የፕሮጀክቱን ኪሳራ ከባለቤቶቹ ጋር እንድትካፈዪ የቀረበልሽ ግብዣ ነው። ቢያንስ ግማሹን እንደ ዩኤስዲሲ ባለ ዋጋው ከዶላር ጋር በተያያዘ ገንዘብ በየወሩ እንዲከፍሉሽ ጠይቂ። እምቢ ካሉ፣ እነርሱ ራሳቸው በቶከናቸው ምን ያህል እንደሚተማመኑ ታውቂያለሽ።

ወንድምሽ እንድትሠሪ የሚፈልገው ማጭበርበር ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ሌየርዜሮ የተባለው የክሪፕቶ ፕሮጀክት ቶከኑን ከማከፋፈሉ በፊት በ2024 በብዙ ዋሌት የሠሩ ሰዎች ራሳቸውን ካጋለጡ ከድርሻቸው 15 በመቶውን ብቻ እንደሚያገኙ፣ ደብቀው ከተያዙ ግን ምንም እንደማይደርሳቸው አስታውቆ ነበር። አንቺ ደግሞ ነገ እንዲህ ያሉትን አካውንቶች ለይተሽ እንድታስወጪ የምትቀጠሪ ሰው ነሽ። ቤተሰቡ ባለፈው ዓመት ያገኘሽውን ገንዘብ ዘንድሮም እየጠበቀ እንደሆነ ጽፈሽልኛል። ያ ገንዘብ በዕድል የመጣ ነው፣ በእርሱ ላይ የቤት ወጪ አይታቀድም። ይህን ለእናትሽ ተቀምጠሽ ንገሪያት፤ ዝም ባልሽ ቁጥር የሚጠብቁት መጠን ይጨምራል።

የእንግሊዝኛሽ ነገር አያሳስብሽ፤ የጻፍሽልኝን ናሙና አንብቤዋለሁ፣ ይበቃል። የብሎክቼይን (ክሪፕቶ የሚሠራበት ቴክኖሎጂ) ሰርተፊኬት ለጊዜው አያስፈልግሽም። የዋሌትሽን 12 ቃላት (ያገኘ ሰው ዋሌትሽን የሚከፍትበትን ምስጢር) ግን «አካውንትሽን እናረጋግጥ» ለሚልሽ ለማንም፣ የአሠሪዎችሽን ስም ይዞ ቢመጣ እንኳ፣ አትስጪ።

ውሉን ከመፈረምሽ በፊት የክፍያውን አንቀጽ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።