የኬድስ ኮቭ ባለ ሁለት በር ቤተ ክርስቲያን እና ወፍጮው

በአሜሪካ ቴነሲ፣ በግሬት ስሞኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስላለው የኬድስ ኮቭ ሸለቆ ሁለት ነገር ጠይቀኸኛል፦ ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት በር ያለው ወንድና ሴት ለየብቻ ስለሚገቡ ነው ወይ፣ በቀድሞ ባለቤቱ ስም የሚጠራው የኬብል ወፍጮስ ዛሬም ይሠራል ወይ? አይ፣ የኬድስ ኮቭ ሜቶዲስት (የፕሮቴስታንት) ቤተ ክርስቲያን ሁለት በር ያለው ወንድና ሴት ለየብቻ ስለሚገቡ አይደለም። እንደኛ አገር ነው ብለህ ብትገምት አልፈርድብህም፤ በዚያ ዘመን እንደዚያ የሚያደርጉ አጥቢያዎች ነበሩ። እዚህ ግን የተዋሱት ፕላን ባለ ሁለት በር ስለነበር ነው። ምእመናኑ እንደፈለጉ ተደባልቀው ይቀመጡ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1902 የሠራው ሰው አናጢም አንጥረኛም ነበር። በ115 ቀን ጨረሰው፣ የተከፈለው 115 ዶላር ነው። ኋላም እዚያው ሰባኪ ሆነ! በአንድ እጅ ስንት ሙያ።

የኬብል ወፍጮ ደግሞ አዎ፣ ዛሬም ይፈጫል። ውሃው ከወንዙ በእንጨት ቦይ ይመጣና ከላይ ወርዶ ትልቁን መንኮራኩር ይመታል፤ ድንጋዩን የሚያዞረው እሱ ነው። በፊት እንጨትም ይሰነጠቅበት ነበር። ከወፍጮ ቤቱ የበቆሎ ዱቄት መግዛት ትችላለህ። ለገንፎ ይሆናል፣ ግን ሸካራ ስለሆነ ንፋው።

አንድ ነገር አደራ፦ ሸለቆውን የሚዞረው የ18 ኪሎ ሜትር መንገድ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፣ የሸለቆው ቤተ ክርስቲያኖችም ከወፍጮው በፊት ናቸው። «ስመለስ አያቸዋለሁ» ብለህ እንዳታልፍ። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ ረቡዕ ረቡዕ መኪና ስለማይገባ ሌላ ቀን ምረጥ።