ለቦሎ ቀን ብቻ የሚስተካከል መኪና

ይድረስ በባሕር ዳር የመኪና ሙያ ለምትማሩና በየጋራዡ እጃችሁን ለምታፍታቱ ልጆቼ።

ሰሞኑን ስለ ጀርመኑ መኪና አምራች ፎልክስቫገን የናፍጣ ማጭበርበር ስናወራ ከእናንተ አንዱ ጥያቄ አነሳ። «ጋሼ፣ መኪናው ነዳጅ አይበላም፤ ጉልበት አለው። ታዲያ ባለቤቱ ምን ሆንኩ ብሎ ነው የሚከሰው?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እግረ መንገዴን መልሼው የማልፈው አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ጻፍኩላችሁ።

ታሪኩን ላልሰማችሁ ባጭሩ ላስቀምጠው። መስከረም 7 ቀን 2008 ዓ.ም. የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኩባንያው ሕግ መጣሱን ይፋ አደረገ። ኢኤ 189 በተባለው የናፍጣ ሞተር ኮምፒውተር ውስጥ ፈተናን የሚለይ ፕሮግራም ተቀብሮ ተገኘ። እንደምታውቁት ጭስ የሚለካው መኪናው ሮለር ላይ ቆሞ ነው። ጎማው ይዞራል፤ መሪው ግን አይነቃነቅም። ፍጥነቱም አስቀድሞ በታወቀ ቅደም ተከተል ይወጣል፣ ይወርዳል። ኮምፒውተሩ እነዚህን ምልክቶች አይቶ ፈተና ላይ መሆኑን ያውቅና የጭስ ማጣሪያውን በሙሉ አቅም ያሠራዋል። መኪናው መንገድ ሲወጣ ያላላዋል። መንገድ ላይ የሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባል ጎጂ ጋዝ ከአሜሪካ ገደብ እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪና ይህ ፕሮግራም ተጭኖበታል።

ለምን እንዲህ አደረጉ? ናፍጣን በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ስታቃጥሉ ነዳጅ ትቆጥባላችሁ፤ ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ግን ይጨምራል። እሱን ለመቀነስ ወይ ዩሪያ የሚረጭ ተጨማሪ ታንክ ትገጥማላችሁ፣ ወይ ነዳጅ እያባከነ ራሱን የሚያጸዳ ማጣሪያ ታስገባላችሁ። ሁለቱም ወጪ አላቸው። ስለዚህ ልጄ፣ «ነዳጅ አይበላም» ብለህ ያደነቅከው ነገር በከፊል ከዚያው ማጭበርበር የመጣ ነው። የቀረውን ሒሳብ ሌላ ሰው ይከፍለው ነበር። ማን እንደሆነ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ባለቤቶቹ ልምጣ። አንድ ዓይነት አልነበሩም። በጣም የተቆጡት «ንጹህ ናፍጣ» የሚለውን ማስታወቂያ አምነው የገዙት ናቸው። ከቤንዚኑ ሞዴል በላይ ዋጋ ከፍለዋል። ብዙዎቹ አየሩን ላለመበከል ሲሉ ነው ይህን መኪና የመረጡት። በአደባባይ ሲኮሩበት የነበረው መኪና ከጎረቤታቸው አሮጌ መኪና የባሰ መርዝ ሲተፋ መኖሩን ሰሙ። እኔ የእነዚህ ሰዎች ንዴት ይገባኛል። ገንዘባቸው ብቻ አይደለም የተወሰደው፤ ሳያውቁ የበደሉ ተባባሪ ተደርገዋል።

ሌሎቹ ደግሞ «መኪናዬን አትንኩብኝ» አሉ። ከተስተካከለ በኋላ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይበላል ብለው ሰጉ። ይህንንም መረዳት ይቻላል፤ ግን አልደግፈውም።

በአሜሪካ በሰኔ 2008 ዓ.ም. 14.7 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ስምምነት ተደረገ። ባለቤቱ መኪናውን መልሶ መሸጥ ወይም ማስተካከል ይችል ነበር። በዚያ ላይ ለአብዛኛው ባለቤት ከ5,100 እስከ 10,000 ዶላር ካሳ ተከፈለው። አውሮፓ ውስጥ ግን ነገሩ ለዓመታት ተጓተተ። የጀርመን ባለቤቶች በጋራ ከስሰው በ2012 ዓ.ም. ሲስማሙ ያገኙት ከ1,350 እስከ 6,257 ዩሮ ነበር። ያው ሞተር፣ ያው ማታለል፤ የተገኘው ፍትሕ ግን እንደየአገሩ ሕግ ተለያየ።

ያ የቀረውን ሒሳብ የሚከፍለው ሰው መኪናውን ያልገዛው ነው። የእኛ ከተማ የብስክሌት ከተማ ናት። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ነጋዴው ብስክሌት ላይ ነው። ከኋላችሁ የሚመጣው ሰው አፍንጫ ከመኪናው ጭስ ማውጫ ብዙም አይርቅም። ናይትሮጅን ኦክሳይድ ሳንባን ያስቆጣል፤ አስም ላለበት ሰው ሕመሙን ያባብስበታል፤ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ኦዞን ይፈጥራል። ይህ ሰው ውል አልፈረመም። ካሳ ሲከፈልም የሚጠራው የለም።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ነገር ልብ በሉልኝ። ከአሮጌ ኢሱዙ ኋላ የምታዩት ጥቁር ጭስ ጥቀርሻ ነው። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ቱርቦ፣ ማለትም አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር የናፍጣ ፓምፑ ከልክ በላይ ከተከፈተ ወዲያው ያጨሳል። ናይትሮጅን ኦክሳይድ ግን በዓይን አይታይም። ጭስ ማውጫው ጥርት ያለ መኪና ንጹህ ነው ማለት አይደለም። «አያጨስም» ብላችሁ የደንበኛን ልብ አታሳርፉ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይህኛው ግን በራሱ ጊዜ አልጠራም። የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ተመራማሪዎች የመለኪያ መሣሪያ ከመኪናው ኋላ ጭነው መንገድ ለመንገድ ነዱ። ፓሳት የተባለውን የፎልክስቫገን ሞዴል ከሎስ አንጀለስ እስከ ሲያትል ወስደው መለሱት። ሌባ ፍለጋ አልነበረም የወጡት። ጥናቱን ያሠራው ድርጅት በአሜሪካ ናፍጣ ንጹህ መሆን እንደቻለ ለአውሮፓ ማሳየት ነበር የፈለገው። ጄታ የተባለው ሌላው ሞዴል ከገደቡ ከ15 እስከ 35 እጥፍ ሲያሳይ መሣሪያችን ተበላሽቶ ይሆን ብለው ደጋግመው ፈተሹ። ቁጥሩ ያው ነው። ውጤቱን በ2006 ዓ.ም. አወጡት። ኩባንያው አንዴ አስተካክያለሁ ብሎ መኪኖቹን ጠርቶ ነበር፤ የካሊፎርኒያ ባለሙያዎች ግን ደግመው ለኩና አልተስተካከለም አሉ። የጸና ሙያ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ያልጠበቁትን ቁጥር አለመጣል።

ከሌላኛው ወገን ደግሞ ጄምስ ሊያንግ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ኩባንያው ውስጥ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠርቷል። ሞተሩ ገደቡን እንደማያሟላ ካወቁትና ፕሮግራሙን ከሠሩት አንዱ ነው። ጥፋቱን አምኖ ከመርማሪዎች ጋር ተባበረ። ዐቃቤ ሕግ ሦስት ዓመት እስራት ጠየቀበት። ዳኛው 40 ወርና 200,000 ዶላር ፈረዱበት። ትዕዛዙ የመጣው ከእሱ በላይ ከነበሩ ሰዎች ነው ተብሎ ተከራክሮለታል፤ ከእስር ግን አላዳነውም። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። ነገ ላፕቶፕ ይዛችሁ የሞተር ኮምፒውተር የምትከፍቱት እናንተ ናችሁ። ቁልፉ እናንተ እጅ ላይ ነው የሚሆነው።

«ይሄ የጀርመንና የአሜሪካ ጉዳይ ነው» የምትሉ ካላችሁ ለቦሎ የሚመጣውን መኪና አስቡ። ለዓመታዊ ምርመራ ጎማ ከጓደኛ ተውሶ የሚያስገጥም ስንት ሰው አለ? እሳት ማጥፊያው የሰው፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኑም የሰው። ፓምፑ ለአንድ ቀን ይዘጋል፤ ጭሱ ይቀንሳል፤ ቦሎው ይለጠፋል። ማግስቱን ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከዚያ መኪናው ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ጎንደር መንገድ ይወጣል። ኩባንያው በኮምፒውተር የሠራውን እኛ በመፍቻ እንሠራዋለን። ሥራው አንድ ነው፤ ፈተናውን የሚያልፈው መኪናና መንገድ ላይ ያለው መኪና ይለያያሉ።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪናም ትጠይቁኛላችሁ። አዲስ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ ገበያው ተቀይሯል። እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገር አታምታቱ። በቻይና መለኪያ የሚጻፈው በአንድ ቻርጅ የሚኬድ ርቀት መንገድ ላይ ከምታገኙት ብዙውን ጊዜ ይበልጣል። ያ ማጭበርበር አይደለም፤ ፈተናው ለዘብ ያለ ስለሆነ ነው። ግን ደንበኛው ይህን ከእናንተ ይስማ። ገዝቶ ዳገት ላይ ባትሪው ሲያልቅበት አይወቀው።

አንድ ቀን ደንበኛ መጥቶ «ወንድሜ፣ ለቦሎ ብቻ አስተካክልልኝ፤ ፓምፑን በኋላ ትከፍተዋለህ» ይላችኋል። አትሳደቡ፤ አትስበኩትም። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አውጥታችሁ አሳዩት። ብዙ ጊዜ አቧራ የዘጋው ማጣሪያ ነው ጭሱን የሚያመጣው፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። ቀጥሎ ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች አስሞክሩ። ፓምፑ በልኩ ሆኖም ጉልበት ካጣ ቫልቭና ኮምፕሬሽን እዩ። የሚያስፈልገውን ሥራና ዋጋውን ወረቀት ላይ ጻፉለት። ገንዘብ ካጠረው የቱን ዘንድሮ፣ የቱን በሚቀጥለው ማድረግ እንደሚችል አብራችሁ ለዩ፤ ፍሬንና ጎማ ግን ለነገ አይቆዩም። ለአንድ ቀን የሚዘጋ ፓምፕ እኛ ጋራዥ አንሠራም በሉት። ይሄን ብላችሁት ሌላ ጋራዥ የሚሄድ ይኖራል። ይሂድ። ኖዝሉን ያሠራው ሰው ደግሞ ናፍጣው ሲቀንስለት ጓደኛውን ይዞ ይመጣል።

ጥያቄ ካላችሁ ከሰዓት በኋላ እቤት ነኝ፤ ኑ።

አክባሪያችሁ፣
በጡረታ ላይ ያለሁ የተሽከርካሪ ምርመራ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር